በፈቃድ ላይ ያለው ጸሐፊ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ ከቃሌ ሁሉ ይቅደም። አንቺ እንዴት ነሽ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔ የቀኝ ዓይኔን ቀደው ሰፍተውልኛል፤ ስፌቱ ያንቺን ያህል ባያምርም ይዟል። ልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መንገድ እያየሁ እውላለሁ። ምራቴ መልካም ሰው ናት፤ ብቻ ቤት ስታጸዳ እንደ ዕቃ ከወንበር ወደ ወንበር ታዛውረኛለች።

የሦስት ወር ፈቃድ ወስጄ ስወጣ ጦርነቱ ገና የሬዲዮ ወሬ ነበር። አሁን መንገዱ ተዘግቶ እኔ እዚህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር እዚያ ቀረን። የከተማችን ቦርድ ያለ ጸሐፊ አንድ ቀን አያድርም ብዬ አንቺን በጊዜያዊነት አስቀምጬሽ መሄዴን አትረሺውም። በጊዜያዊነት ያልኩትንም እንዳትረሺው።

ማኅተሙ ከግራው መሳቢያ አይወጣም። ቃለ ጉባኤው በጥቁር ቀለም ብቻ ይጻፋል፤ ሰማያዊ ለደብዳቤ ነው። ስብሰባ ሲከፈት ስም ሲጠራ የኔም ስም ይጠራ፤ ማንም እንዳይዘለው። «በፈቃድ ላይ» ብለሽ አንቺ ትመልሻለሽ። ከግርጌ ስትፈርሚ «ስለ ጸሐፊው» ብለሽ ነው። ይህን የምለው ላንቺው አስቤ ነው፤ ነገ ጣጣ ቢመጣ ተጠያቂው እኔ እንድሆን።

የየስብሰባውን ግልባጭ በዱቄት መኪናው ሹፌር እጅ ላኪልኝ። በወር አንዴ ድንበር ይሻገራል፤ አፉ ወሬ ቢወድም እጁ ታማኝ ነው። ሊቀመንበራችንን፣ ፋርማሲስቱን፣ ሰላም በይልኝ። «አይሆንም» የምንለውን ዳቦ ጋጋሪ ግን ሰላም አትበይው፤ «አይሆንም» ይልሻል።

ወንድምሽ፣ ጸሐፊው

ኅዳር 2 ቀን

ለማከብርህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ዓይንህን እግዜር ይማርልህ። እኛ ደህና ነን። መድፉ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ የመስኮት መስታወት ያንቀጠቅጣል እንጂ እስካሁን ሰው አልነካም። ልጆቹ የድምፁን ዓይነት መለየት ለምደዋል። እኔ አልለመድኩም።

ያዘዝከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ስምህ ይጠራል፣ «በፈቃድ ላይ» እላለሁ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሁልጊዜ «ታድሎ» ይላል።

የቦርዱን ወሬ ካልነገርኩህ እንደማትተኛ አውቃለሁና ልንገርህ። አውሮፕላን እንዳያየን የመንገድ መብራት አምፖል በሙሉ ይውለቅ ተባለ። አርባ አንድ አምፖል ወለቀ። እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ምሰሶ እንደወረደ ተጽፎበት ሣጥን ገባ። ቧንቧ ሠራተኛው «ምሰሶው ቢወድቅስ አምፖሉ የት ሊገባ ነው?» ቢል ሊቀመንበሩ «ምሰሶው ለብቻው አጀንዳ ይያዝለታል» አለው። የአውራ ዶሮው ክስም ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበ። ጡረተኛዋ ነርስ፣ ከኔ ሁለት ደጃፍ ወዲያ ያለችው፣ ቆማ «መድፉን ተላምጄዋለሁ፤ የጎረቤቴን ዶሮ ግን አልቻልኩትም» አለች። ባለ ዶሮው ደግሞ «እሱ የሚጮኸው መድፉን ሰምቶ ነው፣ መድፉን ክሰሱልኝ» አለ። በይደር ቆየ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኩራት እንዳይመስልብኝ። ቃለ ጉባኤውን ሳነብ «አይሆንም» እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ትክክል ነው» አለ። የታመመ መስሎን ነበር። ሊቀመንበሩም «ዛሬ ገና ምን እንደተናገርን ገባን» አለ። አንተ በአሥር ገጽ የምትጽፈውን እኔ በሁለት ገጽ ስለምጨርሰው ይሆናል። ጨርቅ መቆጠብ ለምጄ ነው።

ካርቦን ወረቀት አልቆብናል። ብታገኝ ላክልኝ፤ ግልባጩን ሁለቴ እየጻፍኩ እጄ ዛለ።

እህትህ፣ ስለ ጸሐፊው

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደህና ነኝ።

ግልባጮቹን በቀይ አርሜ መልሻለሁ። «የዶሮው ነገር ለሌላ ቀን ተባለ» ተብሎ አይጻፍም። «ቦርዱ በቀረበለት አቤቱታ ላይ ሰፊ ውይይት ካካሄደ በኋላ ተጨማሪ ማጣራት እንደሚያስፈልግ ስለታመነበት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቧንቧ ሠራተኛው «ታድሎ» ማለቱም ቃለ ጉባኤ ውስጥ ምን ይሠራል? ገጽ ሁለት ላይ ደግሞ የማብቂያው ሰዓት ተረስቷል። ስብሰባው ስንት ሰዓት እንዳለቀ የሚመጣው ትውልድ በምን ያውቃል?

ፋርማሲስቱ «ዛሬ ገና ገባን» አለ አልሽኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ምን ሲገባው ኖሮ ነው ታዲያ ከኔ ጋር ራሱን ሲነቀንቅ የኖረው? «የፊተኛውን ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ» ይባላል። እኔን ግን ገና ሳልሞት በሁለት ገጽ ቀበራችሁኝ።

ካርቦን ፈልጌ አጣሁ። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ዕቃ ረስተውታል።

ጸሐፊው

ጥር 8 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህ ድኗል መሰለኝ፤ ቀዩ ብዕር አንዲት ነጥብ አላመለጠችውም። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ቤቱን እያፈረሱልኝ ነው፤ መድፍ ቢተወው እነሱ አይተውትም።

ዙሪያውን ሳልዞር ልንገርህ። መልቀቂያ ጻፍልኝ።

አትቆጣ፤ እስክጨርስ ስማኝ። የቦርዱ አባላት ስድስት ናቸው፤ ድምፅ ሦስት ለሦስት ሲሆን የሚያጋድለው ጸሐፊው ነው። ጊዜያዊ ጸሐፊ ግን ድምፅ የለውም። ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ። ባለፈው ሳምንት የውሃ ነገር ቀረበ። መድፉ አሁን ኮረብታው ላይ ወጥቷል። ቧንቧ ሠራተኛው «ሰው አደባባይ መሐል ተሰልፎ ውሃ መቅዳቱ አያዋጣም፤ ከላይ እንደ መዳፍ ይታያል። ቧንቧውን ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ላዙረው» አለ። ሦስቱ እሺ አሉ። «አይሆንም» እና ሁለቱ ወዳጆቹ «እዚያ ጭቃ ነው፣ ሽማግሌ ተንሸራቶ ይሰበራል» ብለው እምቢ አሉ። ሦስት ለሦስት። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም አቀርቅሬ «ጸሐፊው በፈቃድ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ አላለፈም» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እንዳታርመው፣ በደንቡ መሠረት ነው።

ሊቀመንበሩ መልቀቂያህ በመጣበት ቀን እንደሚሾመኝ ነግሮኛል።

«ወንበሩን ፈልጋ ነው» ትላለህ። አዎ፣ ፈልጌ ነው። ምን ብዬ እዋሽሃለሁ? አራት ወር ሙሉ በየገጹ ግርጌ «ስለ ጸሐፊው» እያልኩ ስፈርም እጄ አመድ አፋሽ ሆነብኝ። ሲያምር ያንተ ወንበር ነው፤ ስሳሳት «በእሱ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ነው። የሌለህበት ክፍል ውስጥ ካለሁት ከኔ ይልቅ አንተ አለህ። በዚያ ላይ አንተ መጋረጃ ሳትዘጋ መብራት አብርተህ ትቀመጣለህ፣ ቧንቧ ከፍተህ ትታጠባለህ፣ ዳቦ ሳትሰለፍ ትበላለህ። ያ ሁሉ ያንተ ሆኖ ወንበሩም ያንተ? እኔም ሰው ነኝ፤ እቀናለሁ።

ሹፌሩ ሲመለስ በእጁ እጠብቃለሁ።

እህትህ

የካቲት 5 ቀን

ለተከበርሽው እህቴ፤

ሰላም ለቤትሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ስሾምም አልበላሁም፣ የሻረኝም የለም። ታዲያ ይህ የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት የዚህን ከተማ ምክር ቤት ለማየት ሄድኩ። ማንም ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ይችላል። ስለ አንድ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። ቋንቋውን ግማሹን አልሰማሁትም፤ ክርክሩን ግን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። አንደኛው የኛው «አይሆንም» ነው፤ ራሰ በራነቱ ሳይቀር። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት። ኮምፒውተሯን እየነካካች ቀና ብላ እንኳ አታያቸውም። «ልጄ፣ እሱ ያለው እንዲህ አይደለም» ልላት ተነሥቼ ነበር፤ ምራቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ስሟን በማላውቃት ልጅ ቀናሁባት። አንቺንማ ምን ልበልሽ።

መልቀቂያው ይታሰብበታል። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይሆንም። ለሊቀመንበሩ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ በደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት በጊዜያዊ ጸሐፊ የተያዘ ቃለ ጉባኤ በቦርዱ ፊት ቃል በቃል ተነብቦ፣ በየነጥቡ እጅ ካልወጣበት ውሳኔው አይጸናም። ይህን ያልኩት ለአሠራር ጥራት ነውና በክፉ አትውሰጂው። የውሃውን ነገር ከዚያ በኋላ እንደገና ማቅረብ ይቻላል። ምን አስቸኮለ?

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ጸሐፊው

መጋቢት 16 ቀን

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህ ለሊቀመንበሩ ደረሰው። የቦርዱን ሰዎች ታውቃቸዋለህ፤ ደንብ ከተጠራባቸው መድፍ አይሰሙም። ከጥቅምት ወዲህ የተወሰነው ሁሉ ቃል በቃል ይነበብ ተባለ። አንባቢዋ እኔው ነኝ። አርባ አንዱ አምፖል ከነምሰሶው፣ የቄራው በር መቀርቀሪያ፣ የዶሮው ነገር፣ አንድም ሳይቀር። እያንዳንዱ ላይ እጅ ወጣ። «አይሆንም» በጥቅምት የደገፈውን ሁሉ አሁን ተቃወመ፤ እንደገና ክርክር ሆነ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። የውሃው ጉዳይ ለሦስተኛው ቀን፣ ለሐሙስ ተያዘ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አደባባዩ ተመታ። ሰልፉ ላይ ነው የወደቀው። አሥራ አንድ ሰው ቆሰለ። ጡረተኛዋ ነርስ ሞተች። ሁለት ጀሪካን ይዛ ነበር፤ አንደኛው ሳይበሳ ተርፎ ባለ ዶሮው ጎረቤቷ ተሸክሞ ቤቷ ደጃፍ አኖረላት። ለማን እንዳኖረላት እንጃ፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቧንቧ ሠራተኛው በማግሥቱ ማንንም ሳይጠይቅ ቧንቧውን አዞረው።

የተኮስከው አንተ አይደለህም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልልም። እምቢ ያለው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ሦስት ቀን ዳቦ አልጋገረም፣ ከቤትም አልወጣም። ግን እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ያ ሰልፍ በጥር ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር። አንተ ዝም ብለህ ቢሆን እንኳ፣ ያቺን ደብዳቤ ባትጽፍ፣ ከ«አይሆንም» ወዳጆች አንዱ እሺ ብሎ ስለነበር በየካቲት ያልፍ ነበር።

ጥርስህን ነክሰህ የያዝከው ወንበር ደግሞ ባዶ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ ነው የምጽፈው። እንዳትጽፍልኝ።

ሚያዝያ 9 ቀን

እህቴ፤

እንዳትጽፍልኝ ብለሽኛል፤ እጽፋለሁ። ነፍሷን ይማር። ልጄን በእጇ የከተበች ሴት ናት። ለልጄ ነገርኩት፤ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰሰ።

መልቀቂያው ከዚሁ ጋር አለ። ሁለት መሥመር ነው። አየሽ፣ እኔም ማሳጠር እችላለሁ።

የምነግርሽ ነገር አለ። ስሄድ አንቺን የመረጥኩሽ ዘመዴ ስለሆንሽ መስሎሻል፤ ለሁሉም ያልኩት እሱን ነው። ፍርድ ቤት የሠራው ሰውዬ ነበረ። ሁለት መምህራን ነበሩ። እነሱን አልፌ አንቺን ያስቀመጥኩሽ አይሆንላትም ብዬ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለት ስብሰባ ሳትዘልቅ ወረቀቱን ታጨማልቀዋለች፤ ያኔ «ጸሐፊያችን በቶሎ በመጣልን» ይላሉ አልኩ። ሐኪም ቤት ዓይኔን ሸፍነውኝ ተኝቼ ይህን እያሰብኩ ፈገግ ብያለሁ። የመጀመሪያው ግልባጭሽ ሲደርሰኝ ግን ሦስተኛው መሥመር ላይ ከኔ እንደምትሻዪ ገባኝ። ቀዩን ብዕር ያነሣሁት ለዚያ ነው። ካርቦንም ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ሞልቶት ነበር። አንድ ፓኮ ገዝቼ ልኬልሻለሁ፤ ዘግይቷል።

በአንቺ ላይ ነበር የምቀናው፤ የከፈለችው ነርሷ ናት። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ተሾሚና በሚገባሽ ወንበር ተቀመጪ።

ወንድምሽ

ሰኔ 12 ቀን

ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ለምራትህና ለልጅህም። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ይቅርታ። የምጽፍልህ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው። ከተማችን ከተያዘች አሥራ ሁለት ቀን ሆናት፤ እኛም ከታሰርን እንዲሁ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርህ። መልቀቂያህ ግንቦት ላይ ደረሰ። ለቦርዱ ተነበበ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ወጣሁ ነው የምልህ፤ ከፍታው ለኔ ቁመት አይደለም፣ እግሬ ይንጠለጠላል። በዚያው ሳምንት ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል ነገር ተነሣ። «ወንበሩን ይሰባብሩታል» ያሉ ሦስት፣ «ይግቡ» ያሉ ሦስት። እጄን አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ገባ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው ድምፅ የሰጠሁት፤ ከዚያ ብወርድ ግድ የለኝም ብያለሁ በዚያን ቀን።

ከዚያ እነዚህ ሰዎች ገቡ። አዛዣቸው በሩ ላይ የተለጠፈውን የቦርድ ስም ዝርዝር ገንጥሎ ስድስቱን አንድ በአንድ እየጠራ አቆመ። ዝርዝሩ አሮጌው ነው፤ ጸሐፊው አንተ ነህ። «ጸሐፊውስ?» አለ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ሳያይ «ውጭ አገር ነው፤ በፈቃድ ላይ» አለው። «ይቺስ?» አለ አዛዡ። «አይሆንም» ቀደመና «እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መጋረጃ ልትለካ ነው የመጣች» አለ። አዛዡ ውጪ ብሎ በእጁ አሳየኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ልጆቼ ቤት ነበሩ።

መሄድ ነበረብኝ። ግን «በፈቃድ ላይ» ሲል ሰማሁ። እንደገና አንተ! ስድስቱ ስማቸው ተጠርቶ ቆመዋል፣ አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ ስምህ ተጠርቷል፣ እኔ መጋረጃ ለኪ። ደሜ ፈላ። መሳቢያውን ከፍቼ መልቀቂያህን አወጣሁና «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ማኅተሙ ይኸውና» አልኩት። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በለኝ። ልጆቹን ታናሽ እህቴ ወስዳቸዋለች። እዚህ በየጠዋቱ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ይከፍታል፤ እኔ እይዛለሁ። ባልዲው የት ይቀመጥ፣ መስኮቱ ሥር ማን ይተኛ፣ ሁሉም በድምፅ ነው። ቅና አሁን፤ ከልቤ ነው ቅና የምልህ፣ እንደዚህ ሆነን አናውቅም። ግን ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱን ነው ይላሉ፣ ወዴት እንደሆነ አይናገሩም። ፈርቻለሁ። ልጆቼን ሳስብ ያቺን መሳቢያ የከፈተች እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ይህንን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ለሹፌሩ ታደርስልኛለች።

ጸሐፊዋ

ሰኔ 26 ቀን

እህቴ፤

ለአዛዡ በሹፌሩ እጅ የላክሁት ደብዳቤ ግልባጭ ይህ ነው። ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ከኔው አንብቢው ብዬ በእህትሽ በኩል ልኬዋለሁ።

«ለከተማው ወታደራዊ አዛዥ። ጉዳዩ፦ የቦርድ ጸሐፊነትን ይመለከታል። የዚህ ከተማ ቦርድ ጸሐፊ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም እኔው ነኝ። ራሷን ጸሐፊ ብላ ያቀረበችው ልብስ ሰፊ ለአንድም ቀን ጸሐፊ ሆና አታውቅም። በእጅዎ የሚገኘው መልቀቂያ፣ በደንቡ አንቀጽ አሥራ ስድስት መሠረት ማኅተሙን ሁለት ምስክሮች ባሉበት በአካል ስላላስረከብኩ ዋጋ የለውም። ግለሰቧ አንዳንድ ጽሑፎችን የገለበጠች ሲሆን፣ ለሥራው ብቁ አለመሆኗን በእጄ በቀይ ያረምኳቸውና በጽሕፈት ቤቱ ያሉት ገጾች ያስረዳሉ። በቦርዱ ውሳኔ የሚጠየቅ ጸሐፊ ካለ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ አድራሻዬ ከግርጌ ተጽፏል።»

ፈጣሪ ከዚያ ያውጣሽ።

ወንድምሽ

ነሐሴ 3 ቀን

ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ? እኔ ቤቴ ነኝ። ልጆቼ አጠገቤ ናቸው፤ ትንሹ ቀሚሴን ይዞ አልለቅም ብሏል፣ እየጎተትኩት ነው የምሠራው።

አዛዡ ደብዳቤህን ይዞ ዕቃ ቤቱ ድረስ መጣ። ሰባታችንንም አስነሥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ለአንድም ቀን ጸሐፊ ሆና አታውቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ። ቀዮቹን ገጾች አስመጥቶ አገላበጣቸው፤ እነሱም እንዳንተ ወረቀት የሚወዱ ናቸው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ «እውነት ነው?» አለው። ሊቀመንበሩ «አንቀጽ አሥራ ስድስት እንደዚያ ይላል» አለ። «አይሆንም» ደግሞ እጁን አውጥቶ «እደግፋለሁ» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ነው የደገፈው። የሲሚንቶ ወረቀቶቼን ተቀበሉኝና ሂጂ ተባልኩ።

በአምስተኛው ቀን ስድስቱን በመኪና ወሰዷቸው። ዘንድሮ ይመለሱ፣ ከርሞ ይመለሱ፣ የሚያውቅ የለም። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ ሰላም ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ይለኛል። ተርፌአለሁ፤ የተረፍኩት ግን መጋረጃ ለኪ ሆኜ ነው። አሥር ወር የሠራሁት፣ ያቺ አንዲት ድምፄም ጭምር፣ በአንድ ገጽ ተፋቀ።

እጅህን ልሳም ወይስ ልርገምህ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፤ ስለ እናቶቻችን ብለህ እውነቱን መልስልኝ። ያቺን ደብዳቤ ስትጽፍ ለኔ ብለህ ነው ወይስ ለወንበሩ?

እህትህ

ነሐሴ 29 ቀን

እህቴ፤

ሰላም ላንቺና ለልጆችሽ ይሁን። ስለ ስድስቱ ሰዎች ሰምቼ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ፋርማሲስቱን ሃያ ሁለት ዓመት ከግራው ተቀምጬ ሲያስለው እንኳ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሚስቶቻቸውን ሰላም በይልኝ፤ በኔ ስም እንዳትይ ግን።

በእናቶቻችን አምለሽኛል፤ አልዋሽሽም። ለሁለታችሁም ነው። ደብዳቤውን ስጽፍ ልጆችሽ ናቸው በዓይኔ ላይ የነበሩት። «ለአንድም ቀን ጸሐፊ ሆና አታውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እነሱንም ረሳኋቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለተኛ አነበብኩት፤ ለማረም አልነበረም።

ለወንበሩ ብቻ ቢሆን ደግሞ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ከስድስቱ ጋር ይወስዱሽ ነበር፤ አንድ ቀን መንገድ ሲከፈት ተመልሼ እቀመጥ ነበር፤ ሰውም «ምስኪን፣ እህቱን አጣ» እያለ ያከብረኝ ነበር። ይህን አሁን ላንቺ ስል ያመጣሁት አይደለም፤ ያኔም አስቤዋለሁ።

እውነቱን ነውና የጠየቅሽኝ ልጨርሰው። ሹፌሩ የሲሚንቶ ከረጢቱን ያመጣልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሐሙስ ማታ ወደ እናንተ እንደሚመለስም ያኔውኑ ነግሮኛል። ሁለቱን ቀን ብዕር ሳላነሣ ቆይቼ ለአዛዡ የጻፍኩት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።

ወንድምሽ